እንግዳዋ ሽመና ለመማር ከፋይ ሆና መጣች፤ መምህሩ ግን የሚጠራው ዋጋ አጣ

ይህ ገጽ አዘውትሮ የሚያወራው ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ዶላር ነው። ዛሬ ግን ነጋዴው አንባቢያችን ከመርካቶም ከባንክ መስኮትም ለአንድ አፍታ ዞር ብሎ ከእኛ ጋር እስከ አየር ጤና ድረስ ብቅ እንዲል እንጋብዘዋለን። የምናሳየው ሸቀጥ ሳይሆን ሸቀጡ የሚሠራበት ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት ሰሞኑን ገዢ አግኝቷል። ችግሩ ሻጩ ስንት ብሎ እንደሚጠራው አለማወቁ ነው።

ባቡሩ ጦር ኃይሎች ላይ ያወርዳል። ከዚያ በታክሲ ዘነበወርቅንና አለርት ሆስፒታልን አልፎ አየር ጤና ይደረሳል። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከሱቆቹና ከብረታ ብረት ቤቶቹ ጀርባ፣ በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ የእንጨት ምት ይሰማል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሦስት የሽመና ዕቃ ተተክሎበታል። ወለሉ አፈር ነው። አፈር የሆነውም በድህነት ብቻ አይደለም። ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ይፈልጋል፤ በእግር የሚረገጡት መርገጫዎች ያሉት ከጉድጓዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ቤት አያገለግለውም። አከራይ በበኩሉ ወለሉን የሚቆፍርበት ተከራይ አይወድም። ቤት የሚያከራዩ አንባቢዎቻችን ይህን ያውቁታል።

ያን ዕለት ከጉድጓዶቹ በአንዱ ዳር ተቀምጣ ያገኘናት ሴት ናት። ከአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ ነው የመጣችው። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። ስሟን እንዳንጽፍ ጠይቃናለች፤ የሸማኔውንም ስም አንጽፍም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገባዎታል። ከአገር የወጣችው በልጅነቷ ነው። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ለአክስቷ ልጅ ሠርግ መጣችና ቀሚስ ለመግዛት ከአክስቷ ጋር ወጣች። አንድ ሱቅ «የእጅ ሥራ ነው» ተብሎ የቀረበላትን ቀሚስ አክስቲቱ ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ጥበቡ በጀርባው ደብዝዟል። የታተመ እንጂ የተሸመነ አልነበረም። በእጅ የተሠራ ጥበብ ሲገለበጥ የክሩ መመላለሻና መቋጫ በጀርባው በኩል ይታያል፤ የታተመው ግን ፊቱ ይደምቃል፣ ጀርባው ይገረጣል። ይህን ቀላል ፈተና የማያውቅ ገዢ በየበዓሉ ሲሞኝ እናያለን።

አክስት ተናደው የልጅቱን እጅ ይዘው በቀጥታ ወደሚያውቁት ሸማኔ አመጧት። ቀሚሱ ታዘዘ። ልጅቱ ግን አልሄደችም። ቆማ ታይ ጀመር፤ ቆይታም «ጋሼ፣ ይህን እኔ ልማር?» አለች።

መጀመሪያ እንዝርት

ሸማኔው የጨንቻ ሰው ነው። የከተማው ሰው «ዶርዜ» ብሎ ይጠራዋል፤ እሱ ግን ጋሞ መሆኑንና ዶርዜ ከጋሞ አካባቢዎች አንዱ መሆኑን በትዕግሥት ያስረዳል። ጥያቄው በመጀመሪያ አሳቀው። በእሱ አገር የሚፈትሉ ሴቶች፣ የሚሸምኑ ወንዶች ናቸው። «ሴት ከጉድጓድ ስትገባ አላየሁም» አለ። ነገሩን ያስተካከሉት ባለቤቱ ናቸው። «መጀመሪያ ከእኔ ጋር ትፈትላ» አሉ።

ሦስት ቀን ፈተለች። ጥጡ ፍሬው በመዳመጫ ከወጣለት በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን በግራ እጅ ይዞ፣ እንዝርቱን በቀኝ አሽከርክሮ ክር ማውጣት ነው ቀሪው ሥራ። ሲነገር ይህን ያህል ነው። ሲሠራ ግን ክሩ ወይ ይወፍራል ወይ ይበጠሳል፤ የልጅቱ ደግሞ ሁለቱንም በየተራ ያደርግ ነበር። የፈተለችውን ልቃቂት እትዬ ማታ ማታ ቁጭ ብለው መልሰው ያስተካክሉት እንደነበር ኋላ ነው የሰማችው። ጥጥ እንዳይባክን ብለው ነው፤ እሷንም ላለማሳፈር ጭምር።

በአራተኛው ቀን ጉድጓድ ገባች። ድሩ ቀድሞ ደርቶ ቆይቷታል። አንዱን መርገጫ ሲረግጡ የድሩ ግማሽ ወደ ላይ ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል። በተከፈተው መሐል ማግ የተጠቀለለበትን ቀሰም የያዘው መወርወሪያ ያልፋል። ከዚያ ጥርሳሙ እንጨት ወደ ራስ ይሳባል፣ ማጉ ይጠጋል፣ ሌላው መርገጫ ይረገጣል። ልጅቱ እግሯ ሲታዘዝ እጇ ይረሳል። ማጉን ከልክ በላይ ስለምትስብ ዳርና ዳሩ ወደ ውስጥ እየገባ ጨርቁ እንደ ቅል ወገብ ሰረጎደ። መፍታት ደግሞ ከመሸመን ይብሳል። እሷ በሁለት ሰዓት ያበላሸችውን ሸማኔው ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጀበት።

በዚህ መሐል አንድ ነገር ተምራለች፤ ለነጋዴ አንባቢም ይጠቅማል። የእጅ ሸማ ወርድ የሚወሰነው በሰው ክንድ ነው። መወርወሪያው በአንድ እጅ ተወርውሮ በሌላው ስለሚያዝ ጨርቁ ከዚያ ሊሰፋ አይችልም። ሰፊ የምናየው ጋቢ ሁሉ የተያያዘ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 በገመድ እየተሳበ ራሱ የሚመላለስ መወርወሪያ ሲያወጣ ነው አንድ ሰው ብቻውን ሰፊ ጨርቅ መሥራት የቻለው፤ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ታሪክም ከዚያ ወዲህ ይጀምራል። የእኛ ሸማኔ አሁንም በክንዱ ልክ ይሠራል። ጥበቡን ደግሞ የድሩን ክሮች አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ባለቀለሙን ክር በጣቱ እያስገባ ነው የሚያወጣው። ሥዕል አይቶ የሚገለብጥ አለ፤ ይህ ሰው ግን ቆጠራውን በቃሉ ይዞታል። «የት ጽፈኸዋል?» ስንለው ግንባሩን ነካ አደረገ።

«ስንት ልክፈል?»

በሳምንቱ መጨረሻ ጥያቄው መጣ። ልጅቱ እንደ አገሯ ልማድ ሒሳቧን ለመዝጋት ፈለገች። ሸማኔው ዝም አለ። የነጠላ ዋጋ፣ የኩታ ዋጋ፣ የጥበብ ቀሚስ ዋጋ ቢጠየቅ ሳያስብ ይመልሳል። ማስተማር ስንት እንደሚያወጣ ግን ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

እሱ ራሱ የተማረው ሳይከፍል ነው፤ ወይም ሌላ ነገር ከፍሎ። በአሥር ዓመቱ ገደማ አንድ ዘመድ ከጨንቻ አምጥቶት ከዕቃው ሥር እየተኛ፣ ቀሰም እያጠነጠነ፣ ክር እየቀጠለ አደገ። ምግብ ነበረው፤ በዓል ሲደርስ ልብስ። ደመወዝ የሚባል ነገር ያየው ራሱን ችሎ መቀመጥ ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ነው። ይህ የእሱ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ ከመጡ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ሽሮ ሜዳም፣ አዲሱ ገበያም፣ ኮልፌም ቢኖሩ ይህንኑ ነው የሚነግሯችሁ። በዚያ ላይ ስድቡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለእጁን በሥራው የሚሰድብን ሰው የሚያወግዝ አዋጅ በ1900 ዓ.ም. እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ቢብስ ነው። ሰው ሲሰደብበት የኖረውን ሙያ «ለማስተማር ይህን ያህል ክፈሉኝ» ለማለት አፉ ቢያዝ አይፈረድበትም።

የግቢው ሰው ሁሉ አስተያየት ሰጠ። አክስት «እንደ ጉርሻ የሆነ ነገር ስጪው» አሉ። ልጅቱ በምትኖርበት አገር የሁለት ቀን የሽመና ትምህርት በሰዓት ተቆርጦ እንደሚሸጥ ነገረችን። ከዚያ በየሐሙሱ ያለቀውን ሸማ ሊወስድ የሚመጣው ደላላ ደረሰ። (ይህን የሚያነብ ደላላ ደንበኛችን እንዳይቀየም፤ ያየነውን ነው የምንጽፈው።) ደላላው ለሸማኔው ድርና ሳባ ክር በዱቤ ያቀርባል፤ ያለቀውን ሸማ የክሩን ሒሳብ ቀንሶ ይረከባል። የእሱ ስሌት አጭር ነበር። ሸማኔው ልጅቱን ሲያስተምር ያልሠራው ሸማ ይታሰብ፣ ያው ይከፈል፣ አለቀ። በእሱ ዓይን ትምህርት ማለት የቆመ ዕቃ ነው።

ስሌቱ ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። የቆመው ሥራ አለ፣ የተበላሸው ክር አለ፣ መልሶ የመፍታቱ ጊዜ አለ። እነዚህ ወጪዎች ናቸው። ወጪውን ብቻ የሚያስመልስ ነጋዴ ምን ይባላል? በዚያ ላይ ግንባሩ ውስጥ ያለው የሠላሳ ዓመት ቆጠራ አለ። እሱ በማንም ደብተር አልገባም።

ይህን ዓይነት ገበያ ሌሎች ከጀመሩት ቆይተዋል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሲወጡ የዶርዜ መንደር ጎብኚ ከቀርከሃው ቤት ጋር ፈትሉንና ሽመናውን ያያል፤ የፈለገም ቁጭ ብሎ ይሞክራል። እዚሁ ከአየር ጤና ብዙም በማይርቀው መካኒሳ፣ ካናዳዊቷ ካቲ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋመችው ሳባሃር የጉሎ ቅጠል በሚበላ ትል ሐርና በጥጥ በእጅ የሚያሸምን ድርጅት ሲሆን ምርቱን ወደ ውጭ ይልካል። ዘነበወርቅ ላይ ደግሞ የሠፈሩ ልጅ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. የጀመረችው ሶልሬብልስ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ ከመኪና ጎማ ሶል ጋር አጋብቶ በረባሶን የዓለም ጫማ አድርጎታል። ሞዴሏ ሊያ ከበደም ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረችው አገር ቤት መጥታ ሸማኔዎች ገበያ ማጣታቸውን ካየች በኋላ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚሸጡት ግን በዋናነት ዕቃ ነው። ትምህርቱን ራሱን ለመሸጥ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የፔሩዋ ኩስኮ ናት። እዚያ ኒልዳ ካያናውፓ ከሸማኔ ቤተሰቦች ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባቋቋመችው የባህላዊ ሽመና ማዕከል መንገደኛ ከፍሎ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጦ ይማራል። የሚከፈለው ገንዘብ ለጉርሻ ሳይሆን ለትምህርት ነው።

አየር ጤና ሎጅ የላትም፤ ጎብኚ የሚጭን ላንድክሩዘርም እምብዛም አይቆምባት። ነገር ግን በየክረምቱና በየጥር ከውጭ የሚመጣው ወገናችን የሚያርፈው እንዲህ ባሉ ሠፈሮች፣ በዘመድ ቤት ነው። ገበያው እሱ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚናገር አስጎብኚም አይፈልግም።

ሌላው ተማሪ

እዚህ ላይ አንድ ያላነሳነው ሰው አለ። በክፍሉ ጥግ፣ ከሦስተኛው ዕቃ አጠገብ አንድ ልጅ ቀሰም ያጠነጥን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። የሸማኔው የእህት ልጅ ነው። ልጅቱ በሁለተኛው ሳምንት ላይ «እሱስ ስንት ይከፈለዋል?» ብላ ጠየቀች።

«እሱ ይማራል» አለ ሸማኔው።

እሷም ትማራለች። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪ አለ፤ አንዷ ለመማር ትከፍላለች፣ አንዱ ለመማር ይሠራል። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ግን ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ወሬ አጣን። ሸማኔው ቆይቶ ልጁ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ነገረን። ልጁን ጠየቅነው። «አንዳንዴ» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የእንባ ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታይህ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጎታል፤ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሕፃናት ጉልበትና በግዳጅ ሥራ ይመረታሉ እያለ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ በተደጋጋሚ ሰፍሯል። ከጨንቻና ከአካባቢው ሕፃናት «አስተምርላችኋለሁ» በሚል ሰው እየተወሰዱ አዲስ አበባ ላይ ያለ ክፍያ ማደራቸው የታወቀ ነው። ሸማ ለመላክ የሚያስብ ላኪ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጥለቱ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል፤ «ማን ሠራው?» ነው የሚለው። ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በሌላ ምክንያት ወጥታለች። ለሰለጠነው ገበያ የምንሸጠው የእጅ ሥራ መሆኑን ከሆነ ግን የማን እጅ መሆኑን መመለስ ይኖርብናል።

ሸማኔውን ክፉ ሰው አድርገን ልንስለው አንችልም። ልጁን ይመግበዋል፣ ያስታምመዋል፤ እሱ ካሳለፈው የተሻለ አድርጎታልም። የሚያውቀው የትምህርት መንገድ ይኸው ነው፤ ስሙንም ያልጻፍነው ለዚህ ነው።

ክሩ የማን ነው?

ዋጋ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው፤ ጋዜጣው ገበያ ላይ እስኪውል ይለወጣል። የክር ነገር እንዲህ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው ሳባና ወርቀዘቦ አብሮ ወጣ። ሸማው ግን በዚያው ልክ አልወጣም፤ ከውጭ ተሠርቶና ታትሞ የሚገባው አስመሳይ ጥበብ ዋጋውን ከታች ይዞታል። በመሐል የተጨመቀው የሸማኔው ቀን ነው። ሕንድ የተወሰኑ የጨርቅ ዓይነቶችን ለእጅ ሸማኔ ብቻ የሚከልል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1985 አውጥታለች። እኛ ለይርጋ ጨፌና ለሲዳሞ ቡና ስም ከስታርባክስ ጋር ተሟግተን እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ያደረግን ሕዝብ ነን፤ ለጥበባችን ስም ግን እስካሁን እንዲያ ያለ ሙግት አላየንም።

በዓመቱም ውስጥ ወቅት አለው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካና የሠርግ ወራት ሥራ ይደራል። ለመስቀል ደግሞ የጋሞ ሸማኔ አገሩ ይገባል፤ ከተማው ውስጥ የብዙ ዕቃ ድምፅ ይጠፋል። ያኔ ትእዛዝ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ የተዘጋ በር ነው የሚያንኳኳው።

ወደ አየር ጤናው ሒሳብ እንመለስ። ሸማኔው ሦስት ቀን ካሰበ በኋላ ዋጋውን ተናገረ። ለአንድ ቀን ትምህርት የአንድ ነጠላ ዋጋ። ደላላው «ይሁን» ሊል ሲል ሸማኔው ጨመረ፤ ሽሮ ሜዳ ላይ በሚሸጥበት ዋጋ እንጂ ደላላው በሚረከበው አይደለም። የሽሮ ሜዳውን ዋጋ ድሮም ያውቀዋል። ክሩ የሰው ስለሆነ አንስቶት አያውቅም እንጂ። ደላላው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ረጅም አልነበረም። ልጅቱ ዋጋው ርካሽ መሰላት፤ ሳትከራከር የአሥራ ሁለት ቀን ከፈለች። የሠራችውን ሦስት ክንድ ጨርቅ ደላላው ገልብጦ አየና «ለመወልወያ ይሆናል» አላት። እሷም አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ከመሄዷ በፊት ከሸማኔው ባለቤት ጋር ወጥታ ለልጁ ደብተርና የደንብ ልብስ ገዝታለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሐሙስ ቀን፣ ዳግመኛ ሄደን ነበር። ጥግ ላይ ቀሰም ስታጠነጥን ያገኘናት እትዬን ነው። ጠዋት ነበር፤ ልጁን ስንጠይቅ ፈረቃው መቀየሩን ነገሩን። እውነት መሆኑን ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደን አላጣራንም። ሸማኔው አዲስ ድር አድርቶ ግማሽ አድርሶታል። ክሩን በልጅቱ ገንዘብ፣ በጥሬው፣ ራሱ መርካቶ ወርዶ ገዝቶታል። ደላላው እንደ ልማዱ መጥቶ ያለቁትን ሁለት ነጠላዎች አነሳና የክሩን ዱቤ ሊቀንስ ደብተሩን ገለጠ። በዚያ ሳምንት መስመር ላይ የተጻፈ ዱቤ የለም። ደብተሩን ዘጋ፤ ነጠላዎቹን መልሶ አስቀመጠ፤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና «እሺ፣ ስንት ትላለህ?» አለ።

ሸማኔው መወርወሪያውን አላቆመም። የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጠራ ደላላው ከበርጩማው ብድግ አለ። እኛ ስንወጣ ገና እየተከራከሩ ነበር።